እናት ብቻ የምታውቀው

"እኔ ስሞት ማን ያየዋል?"

በዚህ ሥራ የሚውል ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይከርምም። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው። "ልጄ" የሚሉት ሰው ጢሙ ሸብቶ ሊሆን ይችላል። ለእነሱ ያው ልጃቸው ነው። እያበሉ፣ እያጠቡ፣ ከጎረቤት ዓይን እየደበቁ፣ አንዳንዴም እየተሰደቡበት ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። አሁን ጉልበት ከድቷቸዋል። ዘንድሮ ወይ ከርሞ እንደሚሞቱ ያውቁታል። ሞቱ አያስፈራቸውም። የሚያስፈራቸው ከቀብራቸው ማግስት ያለው ጠዋት ነው።

የምሠራው ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ባለ አንድ የመኖሪያ ማዕከል ነው። የማዕከሉን ስም አልጠራም፤ የነዋሪዎቹንም ስም አልጠራም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ትልልቅ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም። ሰው አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ፣ ክኒን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ተረኛ ስሆን አብሬ አድራለሁ። ሰፈር ውስጥ "ያቺ የእብዶች ቤት የምትሠራው" ነው የምባለው። ማረም ሰልችቶኛል። እዚህ ግን አንዴ ልበለውና ይውጣልኝ። የአእምሮ ሕመም ሌላ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ሌላ። ሕመሙ ደህና የነበረን ሰው መሃል ላይ ይይዘዋል፤ ይታከማልም። ውስንነቱ ግን ከልጅነት ጀምሮ ያለ ነው። መማር፣ መረዳት፣ ራስን ችሎ መኖር ይከብዳል። አንዱ ሰው ላይ ሁለቱም ሊገጥሙ ይችላሉ፤ አንድ ናቸው ማለት ግን አይደለም።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ዳውን ሲንድረም አለ፤ 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ ሲገኝ የሚመጣ ነው። ምጡ ረዝሞ ሲወለድ አየር ያጠረው አለ። በልጅነቱ ማጅራት ገትር ይዞት ነፍሱ የተረፈ አለ። የብዙዎቹን ምክንያት ደግሞ ማንም አያውቀውም። ለእኛ ለደገኞች አንድ የቆየ ጣጣ አለ፤ አዮዲን። ተራራው ላይ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይወርዳል። ደጋ ላይ እንቅርት የሚበዛው ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡር አዮዲን በጣም ካጠራት የጽንሱ አእምሮ ይጎዳል። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እኛ ቤት ያሉት ሁሉ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። እግረ መንገዴን፦ ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ ዕቃውንም ክደኑት። አዮዲኑ ይተናል።

አሁን ወደ እናቶቹ ጥያቄ ልመለስ። አልጋ አለን። ምግብ አለን። ብርድ ልብስማ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ውስጥ ሆነን አይቸግረንም። ግን አንደበት የሌለው ልጅ እናት በሆዷ የያዘችው ነገር አለ። ጠዋት ዝም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች። የትኛው ለቅሶ የረሃብ፣ የትኛው የሆድ ቁርጠት እንደሆነ ትለያለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ የጠየቃት የለማ። ስትሞት ይዛው ትሄዳለች። የዚያን ዕለት ልጇ እናቱን ብቻ አይደለም የሚያጣው። አስተርጓሚውንም ነው።

ከነዋሪዎቻችን አንዱ የመንዝ ሰው ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ "ጋሼ" እለዋለሁ። አይናገርም። የሚወደው ነገር ሁለት ነው፤ ፀሐይና ቡና። ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው ግድግዳ ሥር ባናውን ተከናንቦ ይቀመጣል። ቡና ሲቆላ ከሸተተው ብድግ ይላል። ሲጠጣ ዓይኑን ይጨፍናል። በቃ፣ ቀኑ ሞላለት።

አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ጋሼ ተለወጠብን። የኅዳርና የታኅሣሥን ደብረ ብርሃን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሌሊት ውርጭ ይጥልና ባቄላው ጠቁሮ ያድራል። በዚያ ብርድ ጋሼ ፀሐዩን ተወው። ከቤቱ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ፣ ጉንጩን የድንጋዩ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ይቆማል። ልናስገባው ስንል ይገፋናል። ሳህን ሲቀርብለት ያሽቀነጥራል። ሌሊት ይጮኻል። የአንዷን ባልደረባዬን ክንድ ነከሰ።

ወሬው ወዲያው ተሠራ። "ባሰበት" ተባለ። "ጨረቃዋ ናት" ያለም አልጠፋ። አንድ ጤና ተቋም ይዘነው ሄድን። የተቀበለን ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሳ "እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው" አለና የሚያረጋጋ መድኃኒት ጻፈ። አፉን አላየም፤ ጆሮውንም አላየም። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በሠለጠነውም ዓለም ብዙ የተጻፈበት ነገር ነው። ባለሙያው ውስንነቱን ካየ በኋላ ሌላ ምንም ማየት ያቆማል። ሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢጮኽ "ምን ነክቶት ነው? የት ጋ ነው የሚያምህ?" ይባላል። ጋሼ ቢጮኽ ግን "ባህሪው ነው"።

አስተባባሪያችን ብልህ ሴት ናት። መድኃኒቱን ከመጀመራችን በፊት መሐል ሜዳ ያለችው እህቱ ጋ ደወለች። የስልኩን ድምፅ ከፍ ስላደረገችው ሁላችንም ሰማን።

"ጉንጩን ድንጋይ ላይ ያስደግፋል ነው የምትይኝ?" አለች እህትየው።

"አዎ።"

"ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ?"

"አዎ፣ ጥላ ውስጥ።"

"ጥርሱ ነዋ! እማዬ ነፍሷን ይማረውና፣ 'ድንጋይ ከፈለገ ጥርሱ ነው' ትል ነበር። ቅርንፉድ ታደርግለታለች፣ ዝም ይላል።"

ጥርስ ሐኪም ጋ ይዘነው ሄድን። ወጣት ሴት ናት፤ ምርቃት ይገባታል። አልተጣደፈችም። ያቺን ትንሽ የአፍ መስታወት መጀመሪያ ለእሱ ሰጠችው። አገላበጣት። ወደ መስኮቱ አዞራትና ብርሃኗን ጣሪያው ላይ አንቀሳቀሰ። ሳቀ። ከዚያ ራሱ አፉ ውስጥ ከተታት። እሷም ጎንበስ ብላ አየች። ከታች በቀኝ በኩል ያለው መንጋጋ ጥርሱ እስከ ሥሩ በስብሷል። ድዱ መግል ቋጥሯል። በዚህ ሁኔታ እንዴት ሳይገድለን ቆየ አልኩ። ጥርሱ ተነቅሎ ቁስሉ ሲጠግግ ጋሼ ወደ ፀሐዩ ተመለሰ። የማረጋጊያው ማዘዣ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ይህን ስናገር ሰው ሁሉ በዚያ ባለሙያ ይናደዳል። ይናደድ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ስልኩ ነው። የዚያን ቀን መሐል ሜዳ ኔትወርክ ባይኖርስ? እህትየው ብታገባና አገር ብትቀይርስ? እናቲቱ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ለሴት ልጇ ሳትነግር ብትሞትስ? አንድ ትልቅ ሰው የጥርስ ሕመሙን ይዞ በመርፌ ደንዝዞ ዓመታት ሊኖር ይችል ነበር። እኛም "ተሻለው፣ ተረጋጋ" ብለን ሪፖርት እናደርግ ነበር።

ሌላዋ ከቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል የመጣች ሴት ናት። ዳውን ሲንድረም አለባት። ጥቂት ቃላት አሏት፤ አጥርታ የምትናገረው "እምቢ"ን ነው። ከመጣች ብዙም ሳይቆይ የተረኞች መዝገብ ላይ አንድ ነገር ይደጋገም ጀመር። "ቁርስ እምቢ አለች።" ሌላ ቀን ደህና ትበላለች፣ ከዚያ እንደገና "ቁርስ እምቢ አለች።" ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች የታይሮይድ ችግር ይበዛባቸዋል፤ ደሟ ተመረመረ፣ ደህና ነው። ወተቱ አልጣማት ይሆናል ተባለ። አገሯ ናፍቋት ነው ተባለ። አንዷማ "ትንሽ ጫን እያልን እናብላት" እስከ ማለት ደርሳ ነበር።

ወጥ ቤት የሚሠሩልን አንድ እማማ አሉ። ስብሰባ ላይ አይገቡም። እኛ ስንከራከር በር ላይ ቆመው ሰሙና "ዛሬ ምን ቀን ነው?" አሉ።

"ዓርብ።"

"ባለፈውስ ያስቸገረቻችሁ?"

"ረቡዕ... ማክሰኞ... ቆይ፣ ረቡዕ ነው።"

እማማ ሳቃቸውን ለቀቁት። "ልጅቱ ጾመኛ ናት! እናንተ ናችሁ በጠዋቱ ወተት ይዛችሁ የምታሳድዷት።"

መዝገቡን ገለጥነው። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። አንድም ስህተት የለውም። አሁን በጾም ቀን ማንም አይነካትም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ሽሮዋን በእንጀራ ጥርግ አድርጋ ትበላለች። ቀኑን በምን እንደምታውቅ እስካሁን ክርክር አለ። እማማ "ጓዳው ቅቤ ቅቤ አይልማ!" ይላሉ። እኔ እንጃ። እኔ ራሴ ስልኬን ሳላይ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ የማላውቅበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ የከነከነኝ ነገር፣ ማናችንም "ትጾም ይሆን?" ብለን አለማሰባችን ነው። ታይሮይድ አሰብን፣ ናፍቆት አሰብን። ይህች ሴት እንደ ማናችንም የራሷ ሃይማኖት ሊኖራት እንደሚችል ግን አልታየንም። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ አብራት ጹማለች። ሬሳዋ ሲወጣ ጾሙ ከልጅቷ ጋር ቀረ።

ስለ ማጠብና ስለ ማልበስ ብዙ አልልም። የሠራው ያውቀዋል። ውሃው መሞቅ አለበት፣ በሩ መዘጋት አለበት፣ ሴት በሴት ትታጠባለች፣ ወንድ በወንድ። አንድ ሰው ሸሚዙን ራሱ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ከፈጀበት ሩብ ሰዓት ቁሞ መጠበቅ ነው። እኔ ልቆልፍለት ብል በአንድ ደቂቃ እጨርሳለሁ። በከርሞ ግን ጣቶቹ መቆለፍ ረስተው ቁጭ ይላሉ።

በበዓል ሰሞን እንግዳ ይበዛልናል። ልደቱን፣ ሠርጉን፣ ተዝካሩን እኛ ጋ የሚያደርግ ሰው አለ። በግ ጎትቶ፣ እንጀራ አስጭኖ ይመጣል። እግዜር ይስጥልን፤ ጓዳችን የሚሞላው በዚህ ነው። ካሜራ ይዞ በሚመጣው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። አፉ ወጥ የነካውን ሰው ቀርጾ ማታ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ምን የሚሉት ጽድቅ ነው? የተቀረጸው ሰውዬ እኮ እሺ አላለም። እሺ ማለትም እምቢ ማለትም ያልቻለውን ሰው መቅረጽ ደግሞ ይባስ ነውር ነው።

ከካሜራውም በላይ የምፈራው ጉርሻ ነው። አዎ፣ ጉርሻ። ከነዋሪዎቻችን የተወሰኑት መዋጥ ይቸገራሉ። የጉሮሮ ጡንቻቸው በደንብ አይታዘዝም። ወደ ሆድ መውረድ ያለበት ምግብ መንገድ ስቶ ወደ ሳንባ ይገባል። አንቆ ሊገድል ይችላል። ባያንቅም ሳንባው ውስጥ ቀርቶ የሳንባ ምች ያመጣል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች በብዛት ከሚገድሉ በሽታዎች ግንባር ቀደሙ የመተንፈሻ አካል በሽታ ነው። እንግዳው ይህን አያውቅም። ፍቅሩን መግለጽ ነው የፈለገው። በጥብስ የታጨቀች፣ ቡጢ የምታክል ጉርሻ ጠቅልሎ "በሞቴ!" ይላል። በእሱ ሞት ሳይሆን በሌላ ሰው ሞት እየቀለደ መሆኑን ማን ይንገረው? በየበዓሉ በር ላይ ቆሜ የምነግረው እኔ ነኝ። ሰዉም ኩርፍ ይላል።

እንዲህ ያለውን ሰው ማብላት ሙያ ነው። ሰውየው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እኔም ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ቆሜ ካበላሁት እኔን ለማየት አንገቱን ወደ ላይ ያቀናል፤ ያን ጊዜ የአየር ቧንቧው ይከፈታል። አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ማለት አለበት። በትንሽ ማንኪያ፣ ግማሽ ግማሽ። ከዚያ ጉሮሮውን አያለሁ። ማንቁርቱ ወደ ላይ ብሎ ካልወረደ ሁለተኛ ማንኪያ የለም። ሰው የሚገርመው፣ ከሁሉም አስቸጋሪው ውሃ ነው። ቀጭን ስለሆነ ይቀድመዋል። ስለዚህ የሚጠጣውን እናወፍርለታለን፤ አጥሚት ጥሩ ነው። በልቶ ሲጨርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ ይቆያል። ወሬ ከፈለገ ወሬ፣ ሬዲዮ ከፈለገ ሬዲዮ።

ሌሊቱን የሚያከብደው የሚጥል በሽታ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ይኖርበታል። እኛ አገር ሰው ሲወድቅ የሚደረገውን ታውቁታላችሁ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ እጅና እግር መያዝ፣ ማንኪያ በጥርስ መሃል መክተት። አንዱም አይጠቅምም፤ ማንኪያውማ ጥርስ ይሰብራል። በጎኑ ማስተኛት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ሰዓት ማየት። አምስት ደቂቃ ካለፈው ወደ ሆስፒታል ነው። መድኃኒቱን ደግሞ በድንገት ማቋረጥ አይቻልም። ፌኖባርቢታል የለመደ ሰው በአንዴ ሲቆምበት እየተደጋገመ ሊጥለውና ሊገድለው ይችላል። ፋርማሲው "አልቋል" ሲል የሚደነግጠው ማን እንደሆነ ገምቱ።

ቤተሰብ አንዳንዴ ጠበል ሊወስዳቸው ይመጣል፤ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ። እኔም ጠበልተኛ ነኝ፤ ይሂዱ ነው የምለው። ለብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ከግቢ የሚወጡበት፣ ከቤተሰብ ጋር የሚያድሩበት ብቸኛ ጊዜ ነው። ክኒኑን ግን ቆጥሬ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ለሚወስደው ሰው በእጁ እሰጣለሁ። "ክኒን ከዋጠ እምነት የለውም" የሚል አይጠፋም። እኔ ጠበሉና ክኒኑ ሲጣሉ አላየሁም። የሚያጣላቸው ሰው ነው።

እዚህም ላይ የእናት እውቀት አለ። አንዱ ከመውደቁ በፊት ያለ ነገሩ ይስቃል። አንዷ የቀሚሷን ጫፍ ጭብጥ አድርጋ ትይዛለች። ይህን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ካለ ከደረጃ፣ ከምድጃ ፈቀቅ ያደርጋቸዋል። የማያውቅ ከሆነ ደግሞ "ዛሬ ደስ ብሎታል" ይላል።

ስለዚህ ደብተር ያዝን። ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር፣ ለአንድ ሰው አንድ። ሐሳቡ የእኛ አይደለም። እንግሊዝ አገር የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ሆስፒታል ሲሄድ "የሆስፒታል ፓስፖርት" የሚሉት ሰነድ ይያዝለታል። ምን ይወዳል፣ ምን ያስፈራዋል፣ ሲያመው ምን ያሳያል፣ ክኒን እንዴት ይውጣል፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። የጋሼ ደብተር ላይ ካለው ጥቂቱን ልጥቀስ፦

"ጉንጩን ድንጋይ ላይ ካስደገፈ ጥርሱን ነው። ቶሎ ይታይ። ጫማው የግራው ቀድሞ ነው የሚደረገው፤ ከቀኙ ከጀመራችሁ አይነሳም። ከኋላው መጥታችሁ አትንኩት። ቡና ሁለት ስኒ፤ ሦስተኛ ከተሰጠው አይተኛም። ዶሮ ይፈራል፤ አትሳቁበት።"

ከቤተሰብ ይህን ማውጣትም ብልሃት ይጠይቃል። እናትን "ምን ዓይነት ሰው ነው?" ብለው ቢጠይቋት "ኧረ እሱ ምንም አያስቸግር፣ በግ ነው" ትላለች። ልጇን እንዳንመልስባት ትፈራለች። ስለዚህ ቡና አፍልተን ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። ሲርበው ወዴት ይሄዳል? መጨረሻ ያለቀሰው መቼ ነው? ምን ሆኖ? አንቺ ገበያ ስትሄጂ ማን ጋ ነበር የሚውለው? ያን ጊዜ ይወጣል። መጻፍ የማትችል እናት ናት የምታወራው፣ እኛ እንጽፋለን። አንዳንዷ ስትጨርስ ታለቅሳለች። "እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም" ያለችኝ አለች።

ደብተሩ ያስፈለገው ለእናት ሞት ብቻ አይደለም። ለእኛም መሄድ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ አላሳምረውም። ከተማችን ደግሞ ፋብሪካ በፋብሪካ ሆናለች፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ሌላውም አለ። አቅም ያላት ደግሞ ዓረብ አገር ትሄዳለች። ጎበዝ የምትባል ልጅ አንድ ሰው አውቃ፣ ያም ሰው ለምዷት፣ እጇን ይዞ መሄድ ሲጀምር ትለቃለች። አልፈርድባትም፤ ቤት ኪራይ አለባት። ሰውየው ግን በር በሩን እያየ ይሰነብታል። የምታውቀውም አብሯት ይሄዳል፤ ካልተጻፈ።

ወረቀት ላይ ሕጉ ደህና ነው። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ይላል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 19 ላይ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ሰው የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት አለው፤ ተለይቶ በተቋም እንዲኖር አይገደድም ይላል። እንግዲህ በዚህ አንቀጽ ብንሄድ የእኔ መሥሪያ ቤት ባይኖር ይሻል ነበር። በዚህ አምናለሁ። ዝግ በር ጥሩ ሰዎችንም ያበላሻል። በ2011 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ዊንተርቦርን ቪው የሚባል የግል ሆስፒታል ውስጥ ሠራተኞች ነዋሪዎችን ሲደበድቡ በቢቢሲ የተደበቀ ካሜራ ተይዘው፣ አገር ጉድ ብሎ፣ ቤቱ ተዘግቷል። ገንዘብ አላነሰውም ነበር። እኛ ግቢ ጎረቤት እንደልቡ ገብቶ ይወጣል፤ የሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አንዳንዴ ይረብሻሉ። ይረብሹ።

ግን እናትየዋ ስትሞት ልጇ ቤቱ ሆኖ የሚደገፍበት አሠራር እስኪመጣ ምን ይሁን? ስለ ሕፃናቱ ቢያንስ ወሬው ተጀምሯል። ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈተች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ብዙ እናት ልጇን ከጓዳ ያወጣችው እሷን በቴሌቪዥን ካየች በኋላ ነው። ሕፃኑ ግን ያድጋል። ጢም ያወጣል። ያን ጊዜ ማንም "ሲያምር" ብሎ ጉንጩን አይነካውም።

ደብተሩ ባዶ የሆነ አንድ ሰው አለን። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገቡት ጋር የመጣ ነው። አብሮት የነበረው ዘመድ በመንገድ ተለይቶታል፤ የት እንዳለ አይታወቅም። ስሙን የሚነግረን አልተገኘም። የተሰጠው ስም አለ፤ ሲጠሩት ዞር አይልም። ዕድሜው በግምት ነው። የሚወደውን፣ የሚፈራውን፣ ሲያመው የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም። ስለዚህ ከዜሮ ጀመርን።

መጀመሪያ ያገኘነው እጁን ነው። ብቻውን ሲቀመጥ ሁለት እጁን ወደ ታች አድርጎ እያፈራረቀ ጭብጥ ጎተት ያደርጋል። ነርሷ ልማድ ነው ብላ ጻፈች። ዘበኛችን አይተው "ላም እያለበ ነው እኮ" አሉ። ጎረቤት ላም አለ፣ ወሰዱት። ጎንበስ ብሎ ጡቷን ዳበስ ዳበስ አደረገና ጥጃዋን በዓይኑ ፈለገ። ጥጃዋ ካልቀደመች ላሟ እንደማትሰጥ ያውቃል ማለት ነው። ከእኛ መሃል ይህን የማያውቅ ነበር።

ሁለተኛው የመጣው ሳይታሰብ ነው። እኚሁ ዘበኛ ኦሮምኛ ይችላሉ። አንድ ጠዋት ከአላፊ መንገደኛ ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ ሲለዋወጡ ሰውየው ከተቀመጠበት ቀና አለ። ዘበኛው ቀረብ ብለው "አካም ቡልቴ?" አሉት፤ እንዴት አደርክ ማለት ነው። አፉን ከፈተ። ቃል አልወጣውም፤ ግን እጃቸውን ያዘና አልለቅም አለ። እኛ ለካ ሰውየውን በአንድ ቋንቋ ብቻ ስናናግረው ከርመናል። እሳቸው አሁን ተራቸው ባይሆንም ጠዋት ጠዋት ሳያናግሩት አይሄዱም። እንደ እሳቸው አባባል በመጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ከብቶቹ ነው።

ደብተሩ ላይ እስካሁን የተጻፈው አንድ ገጽ አይሞላም። ላም ያልባል። ኦሮምኛ ይሰማል። የሚፈላ ወተት ሲሸተው ምድጃው አጠገብ ይመጣል፤ እንዳይቃጠል ይታይ። ከባድ መኪና ሲያልፍ አልጋ ሥር ይገባል፤ አታውጡት፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ማታ ጫማውን አያወልቅም።

ሰኞ አዲስ ሠራተኛ ትገባለች። ከጣርማ በር በኩል የመጣች ልጅ ናት፤ ከዚህ በፊት የሠራችው ሆቴል ውስጥ ነው። የእሱን ክፍል ነው የምትይዘው። አስተባባሪያችን መጀመሪያ ማጠቡንና ማንጠፉን አስተምሪያት ብላኛለች። እኔ ግን ደብተሩንና እስክሪብቶውን ሰጥቻት በሩ አጠገብ ላስቀምጣት ነው። ማንጠፍ ከሆቴሉ ይዛው መጥታለች።